የማውሺ ግራ እጅ

ኮልሃፑር ከተማ ውስጥ፣ ከራንካላ ሐይቅ ወደ ኮሌጁ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጭልፋ የብረት ሳህን ሲመታ ይሰማል። ጣንግ! ጣንግ! ጣንግ! በቃ፣ ያኔ ነው ጉዱ። ልጃገረዶቹ ነጠላ ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ይሮጣሉ፤ ገና ወጡን ሳያዩት፣ ሽታው እንኳ ሳይደርሳቸው አፋቸው ምራቅ ይሞላል።

ጭልፋውን የምትመታው ሼቫንታባይ ናት። በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ለትንሹም ለትልቁም «ማውሺ» ናት፤ የእናት እህት፣ አክስት እንደማለት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ለሥራ ፑኔ ከተማ ከገቡ ወዲህ የፊተኛው ክፍል ጭር ቢልባት ጊዜ፣ ምንጣፍ ዘርግታ ከየገጠሩ ለትምህርት የመጡ ልጃገረዶችን በወር ሒሳብ ማብላት ጀመረች። የማሽላ ቂጣዋን በቀኝ መዳፏ ጠፍ ጠፍ እያደረገች ክብ ስታወጣው ጨረቃ ትቀናለች። ግራ እጇ ዱቄት አይነካም፣ ወጥ አያማስልም፣ ለሰው ምግብ አያቀብልም። የእናቷ ሕግ ነው፤ እናቷ ደግሞ ሕጓን የምታስተምረው በጭልፋ ጀርባ ነበር።

ከተመጋቢዎቿ ሁሉ ጉደኞቹ ሳይኮሎጂ የሚያጠኑት ናቸው። የጎረሱትን ሳይውጡ እርስ በርስ ይመራመራሉ። አንድ ቀን አንዷ ሳህኗን ዘርግታ፣

«ማውሺ፣ በጭልፋሽ አስለመድሽን እኮ!» አለቻት። «ድምፁን ስሰማ ምራቄ ይወርዳል። ድሮ አንድ ሊቅ በውሻ ላይ እንዲህ አድርጓል። ምግብ ባመጣ ቁጥር ድምፅ እያሰማው፣ በኋላ ምግብ ባይኖርም ድምፁ ብቻ ምራቁን ያወርደው ጀመር።»

«እና እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን ውሻ ነው የማበላው?»

«ኧረ ለምሳሌ ነው!»

«ሳህንሽን መልሺው። ለውሻ ቀይ ወጥ አይደገምም።»

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ፤ ወጡም ተደገመ። ማውሺ ግን ነገሩን አልረሳችውም። ማታ ለባሏ ስትነግረው «ይተዉ እንጂ! እውነቷን እኮ ነው!» እያለች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

የኮሌጁ ልማድ እንዲህ ነው። ኬሚስትሪ የሚማር ለተግባር ፈተናው ጠርሙስ ይቀርብለታል፤ ሳይኮሎጂ የሚማር ግን የሚመረምረውን ሰው ከቤቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ካገኘበት ለምኖ ይዞ ይመጣል። ያ ሰው «ተጠኚ» ይባላል። ያለ ተጠኚ ፈተና የለም። እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ እንደ ማውሺ ያለ ተጠኚ ከየት ይገኛል? ድስቷን ጥዳ፣ እጇን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «በይ ምን ላድርግ?» ብላ ቁጭ ትላለች። የቃላት ዝርዝር ያነቡላትና የምታስታውሰውን በይ ይሏታል። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ትጠራለች፤ የመካከሎቹ ውኃ በልቷቸዋል። «እንደ ልጆች ነው» ትላለች፤ «በኩሩና የመጨረሻው ይታወሳል፣ መካከለኛው ሲያለቅስ ይኖራል።» ልጆቹም «መጽሐፉም ይኸንኑ ነው የሚለው!» እያሉ ይፈነድቃሉ። ሌላ ቀን እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች አሳዩአት፤ የአንዱ ጫፎች እንደ ቀስት ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ የሌላው ወደ ውጭ የተከፈቱ። የተከፈተው ይረዝማል አለች። ማስመሪያ አምጥተው እኩል መሆናቸውን ቢያሳዩአት፣ «ማስመሪያችሁ ተንሻፏል» ብላ ወደ ድስቷ ሄደች።

በዚያ ዓመት ተጠኚ ሁኚልኝ ብላ የለመነቻት ሙክታ ናት። ሙክታ ሸንኮራ አገዳ ከሚበቅልበት ገጠር የመጣች፣ ዓይኗ ትልቅ ድምፅዋ ትንሽ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት የተግባር ፈተናውን ወድቃለች። ወደቀች ማለትም ግፍ ነው፤ ተጠኚዋ ልትሆን ቃል የገባችላት ጓደኛዋ በፈተናው ዕለት ትኩሳት ይዟት ስለቀረች ባዶ እጇን ቆማ ተመለሰች እንጂ። አባቷ የመጨረሻ ቃሉን ተናግሯል፦ አንድ ዓመት ጨምሬልሻለሁ፣ ዘንድሮ ካላለፍሽ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ ቤት። ሙክታ ግን በወረዳዋ የሴቶች ትምህርት ቤት የልጆችን ጭንቀት የምትሰማ አማካሪ መሆን ነው ሕልሟ። ያን ሰሞን ሐሳብ ስለያዛት ቂጣዋን እየገመሰች ለሌላው ታሳልፍ ነበር። ማውሺ ይኸን አይታለች። ማውሺ ሰው ስንት ጉርሻ እንደጎረሰ ሳታይ አታልፍም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙክታ ወረቀት ላይ ኮከብ ስላ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት አቆመች። የማውሺን እጅ ደግሞ በካርቶን ከለለችባት።

«ኮከቡን በእርሳስ ተከትለሽ ትዞሪያለሽ። እጅሽን በቀጥታ ማየት የለም፣ መስታወቱን ብቻ ነው የምታዪው።»

«ይኸማ የሕፃን ጨዋታ ነው» አለች ማውሺ።

የሕፃን ጨዋታ አልነበረም። ወደ ላይ ስትል እርሳሱ ወደ ታች ይሄዳል፤ ወደ ታች ስትል ወደ ላይ። እርሳሱ ገመዱን እንደበጠሰ ፍየል ከኮከቡ ወጥቶ ወረቀቱን በሙሉ ዞረው። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሙክታ እያንዳንዱን ስህተት አቀርቅራ ስትመዘግብ ስታይ ሳቋ ቆመ።

«አበላሸሁብሽ አይደል?»

«ምን አበላሸሽ! ተሳሳቺልኝ፣ ማውሺ። እኔ የምፈልገው እኮ ስህተትሽን ነው። መጀመሪያ በብዛት ትስቻለሽ፣ ስትደጋግሚው ይቀንሳል፣ ይቀንሳል... ያንን ቁልቁለት ነው በግራፍ የማሳየው። መማር ማለት እሱ ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለች ማውሺ። በሆዷ ግን «እንዴት ያለች ጨዋ ናት! እኔን ላለማሳፈር ነው» ትላለች። እሷ የምታውቀው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ነው፤ እዚያ አንድ ስህተት አንድ ያበጠ መዳፍ ነበር። ስህተት ሰው የሚያሳልፍበት አገር ከየት መጥቶ? ልጅቱ ዘንድሮም ብትወድቅ በማን ምክንያት ነው? በዚህ በፍየል እጅ!

በማግሥቱ ዳቶባ የመላጫ መስታወቱን አጣ።

ዳቶባ ባሏ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ጫማ ሲሰፋ ኖሮ አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይተቻል። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር እንደ ጎሽ ቀንድ የተቀሰረው ሪዙ ነው።

«አንቺ! መስታወቴ የታለ?»

«አሆ፣ እኔ ምኑን አውቄ?» ባሏን በስሙ አትጠራውም፤ «አሆ» ነው የምትለው፣ «እርስዎ» ብላ ነው የምታናግረው፤ አክብሮቱ ሲበዛ ግን ነገር እንዳለበት ዳቶባ ያውቃል። «ደግሞስ ምን አስቸኮለዎት? ስድሳ ዓመት ሙሉ ያዩት ፊት አይደል?»

በዳበሳ ተላጨ። የሪዙ የግራ ወገን ግማሽ ሄደ። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ «ዳቶባ፣ አይጥ በላህ ወይስ ሚስትህ?» እያለ ተሳለቀበት። ሰንብቶ ጓዳ ቢገባ፣ ሚስቱ ትሪ ላይ ዱቄት አልብሳ፣ መስታወቱን ከጣሳ ጋር አስደግፋ፣ እጇን በሰፌድ ከልላ፣ በጣቷ ዱቄቱ ውስጥ ኮከብ ትከተላለች።

«ይኸ የምን አምልኮ ነው?»

«እየተማርኩ ነው።»

«ዛሬ?»

«የልጅቱ ሕይወት በኔ እጅ ላይ ነው። ስወድቅ ትወድቃለች፤ እንግዲህ ዝም ይበሉ።»

ዳቶባ ኮከቡን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ የቀረውን ሪዙን ዳሰሰ። «እንግዲያው የቀረውም ይሂድ» ብሎ ወጣ። ለሙክታ እንዳይናገር አስማለችው፤ በፈተናው ቀን በደስታ ልታስደንቃት ነዋ!

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እጇም መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ በየማዕዘኑ እንደ ሰካራም ይገጭ ነበር። ከዚያ ተሻለው። ከዚያ ደግሞ ቀናት ሙሉ ምንም ለውጥ አጣችና በንዴት ትሪውን ገለበጠችው። ኋላ አንድ ጠዋት፣ ሐሳቧ ሽንኩርቱ ላይ እያለ፣ ጣቷ ብቻውን ኮከቡን ዞሮ ተመለሰ! አንዲት ጫፍ ሳይነካ! እጅ ከራስ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ ለካ። ማውሺ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ጨፈረች።

የፈተናው ጠዋት እንደ ልማዱ ለመልካም ዕድል እርጎ በስኳር አድርጋ በሙክታ መዳፍ ላይ አኖረችላት። ሙክታ ላሰችና ጉልበቷን ነክታ ምርቃት ተቀበለች። ዘወር ስትል ማውሺ ለራሷም አንድ ማንኪያ ላሰች፤ እሷም ተፈታኝ ናት እንጂ ምንድን ናት? የሠርግ አረንጓዴ ሳሪዋን ለብሳ ከዳቶባ ብስክሌት ኋላ ተቀምጣ ኮሌጅ ገባች።

ፈታኟ ከሌላ ከተማ የተላኩ ማዳም ጎድቦሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ አፋቸው እንደ ቦርሳ የተዘጋ። ተማሪው ሁሉ የሚሠራውን ሙከራ በዕጣ ያወጣል። ሙክታ ወረቀቷን ከፈተች፤ የመስታወት ኮከብ! «አምባባይ እናቴ ሰማችኝ!» አለች ማውሺ በሆዷ፣ ለከተማዋ እንስት አምላክ።

የኮሌጁ መሣሪያ ከዱቄቱ ይራቀቃል። ኮከቡ ከብረት ነው፣ ብዕሩም ሽቦ የተቀጠለበት ብረት ነው፤ ጠርዝ በነካ ቁጥር «ጢርር!» ይላል። ከየጠረጴዛው ጢርር፣ ጢርር ይሰማል። ማውሺ ብዕሩን ያዘች። «ጀምሪ» አለች ሙክታ።

ማውሺ ዞረች። ዝም። ማዕዘኑን ታጠፈች። ዝም። ኮከቡን ጨርሳ ራሷን ቀና አደረገች፤ ፊቷ እንደ በዓል መብራት ቦግ ብሏል።

የሙክታ ፊት ግን አመድ መስሏል።

«እ... እስቲ ድገሚው፣ ማውሺ።»

ደገመችው፤ እንዲያውም አፈጠነችው። ጢርር የሚል ጠፋ። ማዳም ጎድቦሌ ዝምታውን ሰምተው መጡ።

«ስንት ስህተት?»

«ምንም፣ ማዳም።»

«በመጀመሪያው ሙከራ?»

«በመጀመሪያውም።»

«ልጄ፣ ይኸን በመጀመሪያው የሚችል ሰው የለም። ተጠኚሽን አሠልጥነሽ ነው ያመጣሽልኝ። ግራፍሽ ቁልቁለት የለውም፣ ሜዳ ነው። ምኑን ነው ተማረች የምትዪኝ?»

ማውሺ ያኔ ገባት። ጨዋነት አልነበረም! ልጅቱ እውነቷን ነበር፤ የፈለገችው ስህተቷን ነበር። እሷ ደግሞ ያንኑ ስህተት በየጠዋቱ ለቅማ ለቅማ፣ ዱቄት ውስጥ ቀብራ መጣች። ቅንድብ ላበጅ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይህ ነው። ከወንበሯ ተነሣች።

«ማዳም፣ ልጅቱ አታውቅም። እኔ ነኝ። የባሌን መላጫ መስታወት ሰርቄ፣ ዱቄት ላይ ስለማመድ ሰነበትኩ። ነግራኝ ነበር፣ ስህተትሽን ነው የምፈልገው ብላኝ ነበር፤ አላመንኳትም። እኔን ይጣሉኝ፣ እሷን ይተዉልኝ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ማዳም ጎድቦሌ አልሳቁም።

«ደንብ ደንብ ነው፣ እናቴ። የተለማመደ ሰው ለዚህ ሙከራ አይሆንም። አንቺ፣ ሌላ ተጠኚ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሙክታ፤ ድምፅዋ ከወትሮው ያነሰ ነበር።

«ሰዓቱ እስኪያልቅ የሚታይ ነገር ካላሳየሽኝ የምሰጥሽ ነጥብ አይኖረኝም።»

ሙክታ ቆመች። ማውሺ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች። ያችን ልጅ በዓይነ ኅሊናዋ አየቻት፤ ቆርቆሮ ሳጥኗን ይዛ፣ የሸንኮራ ጭነት ከሚበዛበት መንገድ ዳር ከአውቶቡስ ስትወርድ። ሙክታ ግን የምታየው ሌላ ነበር፤ የማውሺን እጆች ነበር የምታየው።

«ማውሺ፣ የተለማመድሽው በየትኛው እጅሽ ነው?»

«በየትኛው ትያለሽ እንዴ? በቀኝ ነዋ! ዱቄት ነው እኮ! ግራ እጅ ዱቄት ውስጥ ይገባል?»

«አንድ ጊዜ እንኳ? ሲደክምሽ?»

«እናቴ ከሞተችበት ተነሥታ በጭልፋ እንድትለኝ ነው?»

ሙክታ ወደ ፈታኟ ዞረች። አሁን ድምፅዋ ትንሽ አልነበረም። «ማዳም፣ ጥያቄዬን ልቀይር። ቀኝ እጅ የተማረው ለግራ እጅ ይተላለፋል ወይ? መጽሐፉ ይተላለፋል ይላል። እዚህ ቀኝ እጇ በደንብ የተማረ፣ ግራ እጇ ፈጽሞ ያልሞከረ ሴት አለችኝ። ፈልጌ እንኳ የማላገኛት!»

ማዳም ጎድቦሌ መነጽራቸውን አወረዱ። «በምን ታነጻጽሪያለሽ? በአንድም እጁ ያልተለማመደ ሰው ያስፈልግሻል።»

«እሱማ አለኝ!» ብላ ማውሺ ወደ መስኮቱ ሮጠች። «አሆ! ይነሡ! አሆ!»

ደጅ ካለው የታማሪንድ ዛፍ ሥር፣ ብስክሌቱን ተደግፎ ያንቀላፋው ዳቶባ ብድግ አለ። ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየው፤ በቀኙ እንደ ጎሽ ቀንድ የቆመ ሪዝ፣ በግራው የአይጥ ትራፊ። ማዳም ጎድቦሌ ሪዙን አዩ፣ ማውሺን አዩ፣ «መስታወቱ...» ብለው ጀመሩና ቦርሳው አፋቸው ተከፈተ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሙክታ አሠልጥናታለች የሚል ጥርጣሬ አልቀረም፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ይቀመጡ፣ አባባ» አሉት። «በግራ እጅዎ ይሞክሩ።»

የዳቶባ ግራ እጅ ኮከቡን አልዞረም፤ ኮከቡን ወጋው። ጢርር! ጢርርር! ጢርርርርር! እንደ ክረምት ፌንጣ ያለማቋረጥ ጮኸ።

«ይኸ ዕቃ ጠምዶኛል!»

«ዕቃው ምን አደረገዎት፣ እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለች ማውሺ፤ ፍርሃቷ ሁሉ ወደ ቁጣ ተለውጦ። «ቀስ ይበሉ!»

«ቀስ እንዳይሉ፣ እንደመጣልዎት!» አለች ሙክታ ቶሎ ብላ። ማውሺ አፏን በእጇ ያዘች። እንደገና ልታበላሽ ነበር!

ዳቶባ ደጋገመው፤ ጩኸቱም እያደር ቀነሰ። ተራው የማውሺ ግራ እጅ ሆነ። ያ ምስኪን እጅ ዕድሜውን በሙሉ ከጀርባ የኖረ ነው። ብዕሩን ሲይዝ እንደ አዲስ ሙሽራ ተርበተበተ። ጢርር አለ፤ ማውሺ ደነገጠች፤ የሙክታን ፊት አየች፤ ሙክታ ፈገግ ብላለች። ያኔ አመነች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ተሳሳተች። ስህተቷ ከዳቶባ በብዙ ያነሰ ነበር፤ በየዙሩም ያነሰ ያነሰ ሄደ። ሙክታ ሁለቱን ቁልቁለቶች በአንድ ግራፍ ላይ ሠራቻቸው፤ አንዱ ከተራራ ጫፍ የሚጀምር፣ ሌላው ከጉብታ። ቀኝ እጅ የተማረውን ለወንድሙ ሹክ ብሎታል።

ማዳም ጎድቦሌ ግራፉን አገላብጠው አዩና የቃል ፈተናቸውን ቀጠሉ። «ተጠኚሽ ለምን ተለማመደች?»

«ተጠኚ ድንጋይ ስላልሆነ፣ ማዳም። ፈታኙ ምን እንደሚፈልግ ይገምታል፣ የገመተውንም ሊሰጠው ይጥራል። ሲወድ ደግሞ አብልጦ ይጥራል።»

«የመጨረሻው መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የለም፣ ማዳም።»

«ነግረሻት ነበር። ለምን አልገባትም?»

«ነገርኳት እንጂ ምን እንደተረዳች አልጠየቅኳትም። እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

ማዳም ጎድቦሌ አንድ ነገር ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አልተናገሩም።

ሲመለሱ ዳቶባ «የኔ ግራ እጅ እንኳ ያን ያህል...» ብሎ ቢጀምር፣ ማውሺ ከብስክሌቱ ኋላ «መንገድዎን ይዩ» አለችው። ሙክታ ውጤቱ እስኪወጣ ወደ አገሯ ሄደች። ማውሺም ጭልፋውን መምታቱን አላቆመችም፤ ድምፁ ግን ቀዘቀዘ፤ ልጃገረዶቹም ሲመጡ መሮጡን ተዉ። ሌሊት እየተነሣች «ያን መስታወት ባልነካው ኖሮ» ትላለች፤ ዳቶባም በእንቅልፍ ልቡ «ተኚ፣ ሪዜም ይበቅላል፣ ልጅቱም ታልፋለች» ይላታል።

ሪዙ ቀድሞ በቀለ። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጭልፋውን አንሥታ ልትመታ ስትል፣ በሩ ላይ ሙክታን አየቻት። አቧራ ለብሳለች፤ በእጇ የካርቶን ሳጥን ይዛለች፤ ፈተና ያለፈ ሰው የሚያድለው የወተት ጣፋጭ።

«ማውሺ፣ አለፍን!»

አለፍን አለች እንጂ አለፍኩ አላለችም። ማውሺ ጭልፋውን ጣለችው፤ ጣንግ አለ፤ ከማደሪያው ልጃገረዶቹ ምሳ የደረሰ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ሙክታ ጉልበቷን ነክታ ስትነሣ ሳጥኑን ከፈተችና የመጀመሪያውን ጣፋጭ ዘረጋችላት። ማውሺ ቀኝ እጇን ሰደደች። ከዚያ መለሰችው። ግራ እጇን በሳሪዋ ጫፍ አሻሽታ ጠረገችና መዳፏን ዘረጋች፤ እናቷም በመቃብሯ ዝም አለች።

«እዚህ ላይ አድርጊው» አለች። «ያለፈው ይኸኛው ነው።»

ዳቶባ ከደጃፉ ጮኸ፦ «የኔውስ?»

«የእርስዎማ ወድቋል!»

«ኧረ ማውሺ!» አለች ሙክታ፤ «የሳቸው ባይወድቅ እኛ አናልፍም ነበር» ብላ ለዳቶባ ሁለት ሰጠችው፤ ለየእጁ አንድ።